ሳይበላ የሚመጣው ስኳር፦ አንጎል ለጉበት ምን ይለዋል?

(ለስኳር ሕሙማን፣ ለቤተሰቦቻቸውና ለጤና ተማሪዎች ካቀረብኩት ንግግር የተጻፈ)

እንደምን ዋላችሁ።

ቤታችሁ ውስጥ ስኳር ያለበት ሰው ካለ ይህን አቤቱታ ሳትሰሙት አትቀሩም። «ማታ እራት እንኳ በቅጡ አልበላሁም። ሌሊቱን ከውሃ በቀር በአፌ የዞረ ነገር የለም። ታዲያ ጠዋት ስለካው ስኳሬ ከማታው ለምን በለጠ?» አጠገብ ያለው ሰው ወዲያው ይጠረጥራል። «ተደብቀው የቀመሱት ነገር ቢኖር ነው እንጂ» ይባላል። እማማ ይቆጣሉ። እውነታቸውን ነው። አልበሉም።

ስኳሩ የመጣው ከጉበታቸው ነው። ጉበት ደግሞ በራሱ ፈቃድ ብቻ አይሠራም፤ አዛዡ ብዙ ነው። ከቆሽት የሚወጣው፣ ስኳር የሚያወርደው ኢንሱሊን አለ፤ ሌሎች ሆርሞኖችም፣ ግሉካጎን አለ፣ ኮርቲሶል አለ፣ አድሬናሊን አለ። እነዚህን በየክሊኒኩ ትሰሟቸዋላችሁ። ዛሬ የማወራችሁ ግን እምብዛም ስሙ ስለማይነሳ አንድ ነገር ነው። አንጎል ውስጥ የሚመረት፣ ኒውሮፔፕታይድ ዋይ የሚባል ፔፕታይድ ነው። ፔፕታይድ ማለት አሚኖ አሲዶች ተቀጣጥለው የሚሠሩት አጭር ሰንሰለት ነው። የምነግራችሁ ሙከራዎች የተደረጉት በእንስሳት ላይ መሆኑን ከአሁኑ ያዙልኝ። መጨረሻ ላይ «እኛስ ጋ ይሠራል ወይ?» ማለታችሁ አይቀርም፤ እሱንም እመጣበታለሁ። ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጠራው።

መጀመሪያ ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። የአንድ ጤነኛ አዋቂ ደም ውስጥ በአንድ ጊዜ የሚገኘው ግሉኮስ፣ ማለትም የደም ስኳር፣ ወደ 5 ግራም ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር በሉት። አንጎል ብቻውን በቀን 120 ግራም ገደማ ይጨርሳል፤ በሰዓት 5 ግራም መሆኑ ነው። እንግዲህ ተኝተን ሳለ ያቺ አንድ ማንኪያ ሳታቋርጥ መተካት አለባት። የሚተካት ጉበት ነው፤ ኩላሊትም ትንሽ ያግዘዋል። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው ሳይበላ ሲያድር፣ ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ በደቂቃ ወደ 2 ሚሊ ግራም ግሉኮስ ወደ ደሙ ይገባል። ሲደመር በሰዓት 7 ግራም ገደማ ይሆናል። ከዚህ ውስጥ የሚበዛውን የሚወስደው አንጎል ነው። ዋናው በላተኛ በምርቱ ላይ ሐሳብ ቢሰጥ ምን ይገርማል?

ላም ላይ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ላም የበላችውን ሣርና ጭድ ጨጓራዋ ውስጥ ያሉት ጥቃቅን ተሕዋስያን ቀድመው ያብላሉታል። ከአንጀቷ ወደ ደሟ የሚገባው ግሉኮስ ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ወተቷ ውስጥ ያለው ስኳር የሚሠራበት ግሉኮስ ከሞላ ጎደል ጉበቷ ያመረተው ነው። ጠዋት ወተት ስትጠጡ የላሟን ጉበት አመስግኑ።

አሁን ወደ ፓሪስ ልውሰዳችሁ። ክሎድ ቤርናር የሚባል ፈረንሳዊ ሐኪም ነበር። በ1840ዎቹ መጨረሻ የነበረው እምነት እንስሳ ስኳር አይሠራም፣ ስኳር መሥራት የዕፅዋት ሥራ ነው የሚል ነበር። ቤርናር ሥጋ ብቻ ሲበላ የቆየ ውሻ ወሰደ። ከአንጀት ወደ ጉበት የሚሄደውን ደም መረመረ፤ ስኳር የለም። ከጉበት የሚወጣውን ደም መረመረ፤ ስኳር አለ። ስኳሩ የተፈጠረው ጉበት ውስጥ ነው ማለት ነው።

ይህም አልበቃውም። አንድ ጊዜ የእንስሳ ጉበት አውጥቶ፣ በደም ሥሮቹ ውስጥ ቀዝቃዛ ውሃ ለ40 ደቂቃ ያህል አሳለፈበት። የመጨረሻው ውሃ ሲመረመር ስኳር አልነበረውም። ጉበቱም ታጥቦ ጸድቷል። ያን ጉበት እንዲሁ አሳደረው። በማግስቱ ሲመረምረው ስኳር ሞልቶታል። ልብ በሉ፤ ደም የለም፣ ምግብ የለም፣ እንስሳው ሞቷል። ጉበቱ ግን ውስጡ ካከማቸው ነገር ስኳር እየቆረሰ አደረ። ያ የተከማቸው ነገር በኋላ ግላይኮጅን የተባለው ነው።

ለዛሬ ጉዳያችን ዋናው ግን ሌላኛው ሙከራው ነው። በ1849 ቤርናር የጥንቸልን ማጅራት ከላይ በኩል በቀጭን መርፌ ወጋ። መርፌው የገባው የአንጎል ግንድ ውስጥ፣ አራተኛው ክፍተት ከሚባለው ወለል ላይ ነው። ብዙም ሳይቆይ የጥንቸሉ ሽንት ውስጥ ስኳር ታየ። ቆሽቱን አልነካውም። ጉበቱን አልነካውም። አንጎል ላይ በአንዲት መርፌ ስኳር በሽታ የመሰለ ነገር መጣ፤ ከሰዓታት በኋላም ለቀቀ።

መልእክቱ በየት ወረደ? ቤርናር መጀመሪያ የጠረጠረው ቫገስ የሚባለውን ነርቭ ነበር። ከአንጎል ግንድ ተነስቶ ደረትና ሆድ ድረስ የሚወርድ ረጅም ነርቭ ነው። ቆረጠው። ስኳሩ ግን አልቀረም። በአከርካሪ በኩል ወርደው ወደ ሆድ ዕቃ የሚሄዱት ነርቮች ሲቆረጡ ግን መርፌው ምንም አላመጣም። እነዚህ ሲምፓቴቲክ የምንላቸው ናቸው፤ ስንደነግጥ ልባችንን የሚያስመቱት። ይህችን ነገር እንዳትረሷት፤ ከ150 ዓመት በላይ ቆይታ ትመለሳለች።

በነገራችን ላይ የቤርናር ሚስትና ሴት ልጆቹ ይህን ሥራውን አይወዱለትም ነበር። በሕይወት ያለ እንስሳ ላይ የሚደረግ ሙከራን ተቃወሙ፤ ባልና ሚስቱም ተለያዩ። ዛሬ ላይ ሆኜ ሳየው የቤተሰቡ ጥያቄ ተገቢ ነው እላለሁ። አሁን እንስሳ ላይ የሚሠራ ሰው ፈቃድ ማውጣትና ማደንዘዣ መስጠት ግድ የሆነበት እንዲህ ያለ ጩኸት ስለነበረ ነው።

እንግዲህ አንጎል ጉበትን ማዘዝ እንደሚችል ታወቀ። በምን ኬሚካል እንደሚጀምረው ግን ገና ነበር። በ1982 ስቶክሆልም፣ ካሮሊንስካ ኢንስቲትዩት ውስጥ፣ ካዙሂኮ ታቴሞቶና ቪክቶር ሙት ከአሳማ አንጎል አዲስ ፔፕታይድ ለይተው አወጡ። 36 አሚኖ አሲድ አለው። ኢንሱሊን 51 ስላለው ከእሱም ያንሳል። ይህ ነው ኒውሮፔፕታይድ ዋይ። ብዙም ሳይቆይ ሌሎች ተመራማሪዎች አይጠ መጎጥ አንጎል ውስጥ ጠብ ሲያደርጉት፣ ጠግቦ የነበረው እንስሳ እንደገና ምግቡ ላይ ወደቀ። የተራበ እንስሳ አንጎል ውስጥም ይህ ፔፕታይድ ይጨምራል። የሚመረትበት ዋናው ቦታ የአንጎል ሥር፣ ሃይፖታላመስ ውስጥ ያለ አርኩዌት የሚባል ትንሽ ክፍል ነው። እዚያ ያሉት ሕዋሳት ከደም የሚመጣውን ወሬ ይሰማሉ። ኢንሱሊን ሲበዛ ዝም ይላሉ፤ ሲያንስ ይነሳሉ።

ለረጅም ጊዜ የዚህ ፔፕታይድ ነገር ሲነሳ የሚወራው ስለ ምግብ ፍላጎት ነበር። አበላ፣ አወፈረ፣ በቃ። እኔን የሚያስደንቀኝ ግን ከምግብ ጋር ያልተያያዘው ሥራው ነው።

በ2002 ኒው ዮርክ ውስጥ የሉቺያኖ ሮሴቲ ቡድን አንድ ነገር አሳየ። ኢንሱሊን ጉበትን «አቁም» የሚለው ጉበት ላይ በቀጥታ ደርሶ ብቻ አይደለም። አይጠ መጎጥ ላይ፣ ሃይፖታላመስ ኢንሱሊንን እንዳይሰማ ሲደረግ፣ ደም ውስጥ ኢንሱሊን እያለ እንኳ ጉበት እንደ ወትሮው አይታገድም። ኢንሱሊን አንጎልንም ያናግራል ማለት ነው። አንጎል ደግሞ በተራው ጉበትን ያናግራል። ታዲያ መሃል ላይ ያለው ተናጋሪ ማነው? ኔዘርላንድስ ያለ አንድ ቡድን ኒውሮፔፕታይድ ዋይን ጠረጠረ።

ሐሳባቸው ቀላል ነው። ኢንሱሊን ይህን ፔፕታይድ ዝም ካሰኘና ጉበት በዚህ ምክንያት ከታገደ፣ ፔፕታይዱን በግድ ብንጨምርበትስ? እገዳው መፍረስ አለበት። በ2004 ያወጡት ሥራ ይህን የፈተነ ነው።

ሙከራው እንዴት እንደተሠራ ትንሽ ልዘርዝርላችሁ፤ ነገሩ ያለው እዚያ ላይ ነውና። አይጧ ጾማለች። ቀጭን ቱቦ አንጎሏ ውስጥ ፈሳሽ የሚጠራቀምበት ክፍተት ድረስ ገብቷል፤ በእሱ ፔፕታይዱ ለሰዓታት ጠብ ጠብ ይላል። ለሌሎቹ አይጦች በዚያው ቱቦ ፔፕታይድ የሌለው ፈሳሽ ብቻ ይሰጣቸዋል። በደም ሥር ደግሞ ሁለት ነገር ይገባል። አንደኛው ኢንሱሊን ነው፤ መጠኑ አይቀያየርም። ሁለተኛው እኛ አገር «ጉሉኮስ ተሰቀለለት» የምንለው ነው። ኢንሱሊኑ ስኳሯን እንዳይጥለው በየደቂቃዎቹ ይለካና ጉሉኮሱ ከፍ ዝቅ ይደረጋል። ስለዚህ የደም ስኳሯ አንድ ቦታ ላይ ይቆማል።

አሁን ችግር አለ። ደሟ ውስጥ ያለው ስኳር ከተሰቀለው ይሁን ከጉበቷ በምን ይለያል? ለዚህ ምልክት ያለበት ግሉኮስ አብሮ ይሰጣል። ከተራው ግሉኮስ የሚለየው አንዳንድ አቶሙ ብቻ ነው፤ ሰውነት አይለየውም፣ መሣሪያ ግን ይለየዋል። የተሰጠው ምልክት ያለበት መጠን ይታወቃል። ደም ሲወሰድ ምልክት የሌለው ከተጠበቀው በላይ ሆኖ ከተገኘ፣ ያ ትርፍ የመጣው ከእንስሳዋ ከራሷ ነው። እንዲህ ነው የጉበት ምርት የሚለካው። ጉበትን ሳይከፍቱ።

ውጤቱ ሁለት ፊት አለው። ኢንሱሊን ሳይጨመር፣ ፔፕታይዱ ብቻውን የስኳር ምርቱን አልቀየረውም። ልዩነቱ የመጣው ኢንሱሊን ሲገባ ነው። ፔፕታይድ ያልተሰጣቸው አይጦች ጉበት እንደሚጠበቀው ምርቱን ቀነሰ። የተሰጣቸው ግን ኢንሱሊን እያለ ማምረታቸውን ቀጠሉ። ጡንቻና ስብ ስኳር የሚወስዱበት መንገድ በሁለቱም ወገን ተመሳሳይ ነበር። የተበላሸው የጉበት እገዳ ብቻ ነው። ኢንሱሊን ፍሬን ነው ካልን፣ ይህ ፔፕታይድ ነዳጅ አይረግጥም፤ ፍሬኑ እንዳይዝ ነው የሚያደርገው። ይህን ልዩነት አጥብቄ የምናገረው «ስኳር የሚጨምር የአንጎል ሆርሞን ተገኘ» ብሎ ማውራት ቀላል ስለሆነ ነው። አይደለም። ጉዳዩ ከዚያ ይረቅቃል። ደግሞም አይጧ ሙከራው ላይ ሳለች ምግብ ስላልነበረ «ብዙ በልታ ነው» የሚባል ሰበብ አይሠራም።

አሁን የቤርናርን ነርቮች አስታውሱልኝ። በ2008 እነዚሁ ተመራማሪዎች ጥያቄውን ወደ አይጠ መጎጥ ወሰዱት። አንዳንዶቹ ላይ ወደ ጉበት የሚሄዱትን ሲምፓቴቲክ ነርቮች ቆረጡ። ሌሎቹ ላይ የቫገስን ወገን ቆረጡ። የቀሩት ቀዶ ጥገናው ተደርጎላቸው ነርቫቸው ሳይነካ ተሰፋ። ከዚያ ፔፕታይዱን ወደ አንጎል። ነርቫቸው ያልተነካው ላይ የኢንሱሊን እገዳ ተዳከመ። ቫገስ የተቆረጠባቸውም ላይ እንደዚያው። ሲምፓቴቲክ የተቆረጠባቸው ላይ ግን ፔፕታይዱ አቅም አጣ፤ ኢንሱሊን ጉበትን እንደ ልማዱ አገደ።

ቤርናር በ19ኛው ክፍለ ዘመን፣ በጥንቸልና በመርፌ፣ ያገኘው መንገድ ያው ነው! እኔ ይህን ሳነብ ወንበሬ ላይ አልተቀመጥኩም። ለነገሩ ቫገስም ሥራ ፈት አይደለም። የኒው ዮርኮቹ በሌላ ሙከራቸው፣ አንጎል የጉበትን ምርት ሲቀንስ በቫገስ በኩል እንደሚያልፍ አሳይተዋል። አጥብቆ ለማገድ አንዱ ነርቭ፣ ለማላላት ሌላኛው መሆኑ ነው፤ ቢያንስ አይጠ መጎጥ ላይ።

እንስሳ ይህ ነገር ለምን አስፈለገው? የራሴን አስተያየት ልስጥ። የተራበ እንስሳ ድንገት ትንሽ ነገር አግኝቶ ቢቀምስ ኢንሱሊኑ ከፍ ይላል። በዚያች ጉርሻ ምክንያት ጉበት ሥራውን እርግፍ አድርጎ ቢተው፣ አንጎል ከአፍታ በኋላ ይራባል። ስለዚህ ረኀብ ላይ ያለ አንጎል ጉበትን «ኢንሱሊኑን አትስማው፣ ገና አልጠገብንም» ቢለው ያስኬዳል። ችግሩ የሚመጣው አንጎል ሳይራብ የተራበ ሲመስለው ነው።

ለዚህ ጥሩ ማስረጃ የሚሆኑት ሌፕቲን የሌላቸው አይጦች ናቸው። ሌፕቲን ከስብ የሚመነጭ፣ «ስንቅ አለን» ብሎ ለአንጎል የሚናገር ሆርሞን ነው። በ1994 የጄፍሪ ፍሪድማን ቡድን ነው ያገኘው። ይህ ሆርሞን የሌላት አይጥ ኳስ እስክትመስል ትወፍራለች፤ ስኳር በሽታም ይይዛታል። አንጎሏ ግን የተራበ ሰው አንጎል ነው። ኒውሮፔፕታይድ ዋይዋ ከልክ በላይ ነው። በ1996 እንዲህ ያሉ አይጦች ላይ የፔፕታይዱ ጂን ጨርሶ ሲጠፋ፣ ውፍረቱም ስኳሩም ቀለለ። ልብ በሉ፣ ቀለለ ነው ያልኩት እንጂ ዳነ አላልኩም። በዚያው ዓመት ደግሞ አንድ የሚያሳፍር ውጤት ወጣ። ጤነኛ አይጥ ላይ ጂኑ ሲጠፋ አይጧ እንደ ወትሮዋ በላች፣ እንደ ወትሮዋ ኖረች። ያ ሁሉ ዝና ያለው ፔፕታይድ ቢቀርም ሌላው ቦታውን ሸፈነ። ተፈጥሮ ምግብን በሚያህል ነገር ላይ ሁሉን ለአንድ ኬሚካል አትጥልም።

አሁን ወደ ጠባችን እንግባ። ጠብ ስል፣ ሳይንቲስቶቹ መካከል ያለው ነው። አሜሪካ ቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ የአላን ቼሪንግተን ቡድን ለዓመታት ውሻ ላይ ሠርቷል። የእነሱ መልስ ቀዝቃዛ ነው። ውሻ ላይ ኢንሱሊን ጉበትን የሚያግደው በዋናነት ራሱ ጉበት ላይ በቀጥታ ደርሶ ነው፤ በአንጎል በኩል የሚመጣው ብዙ አይደለም ይላሉ። አንጎል ላይ ብቻ ኢንሱሊን ሲጨምሩ ጉበት ግላይኮጅን ማጠራቀሙ በረታ፤ ወደ ደም የሚለቀው ስኳር ግን በዚያው ልክ አልቀነሰም።

ማንን እንመን? ሁለቱንም፣ በየእንስሳቸው። ትንሽ አካል በፍጥነት ይነዳል። የአይጥ ጉበት ለክብደቷ ሲሰላ ከሰው እጅግ የበለጠ ስኳር ያመርታል፤ ጥቂት ሰዓት ብትጾም ስንቋ ያልቃል። እንዲህ ላለ እንስሳ የአንጎል ፈጣን ትእዛዝ ትልቅ ነገር ነው። ውሻና ሰው ጊዜ አላቸው። ስለዚህ ከአይጥ ወደ ሰው ዘሎ «አንጎልህ ነው ስኳርህን የሚያወጣው» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ፣ በተለይ የሚሸጥላችሁ ነገር ካለው፣ ቦርሳችሁን ያዝ አድርጉ።

ከንግግሩ በኋላ ከቀረቡት ጥያቄዎች ሁለቱን ላካፍላችሁ።

አንድ የእንስሳት ሐኪም የሆኑ ወንድም፣ ክሊኒክ የምትመጣ ድመት ስኳሯ ብዙ ጊዜ ከፍ ብሎ እንደሚያገኙት ነገሩን። ልክ ነው፤ ድመት ላይ የታወቀ ነገር ነው። ተይዛ፣ ቅርጫት ውስጥ ገብታ፣ የማታውቀው ሰው ሲነካት ደሟ ውስጥ ያለው ስኳር ይጨምራል። ስለዚህ በአንድ ልኬት ብቻ ድመትን ስኳር አለባት አይሉም። መንገዱ በከፊል ያው ሲምፓቴቲክ ነው። የሚጀምረው ግን ከድንጋጤ እንጂ ከረኀብ አይደለም።

አንዲት እህት ደግሞ «ታዲያ ይህን ፔፕታይድ የሚዘጋ ክኒን ለምን አይሠሩም?» አሉ። ተሞክሯል፤ ለስኳር ሳይሆን ለውፍረት። ከፔፕታይዱ መቀበያዎች አንዱን የሚዘጋ መድኃኒት ከአንድ ሺህ በላይ ሰዎች ላይ ለአንድ ዓመት ተፈትኖ ውጤቱ በ2006 ወጣ። ክብደት ቀነሰ፤ ነገር ግን ባዶ ክኒን ከወሰዱት ጋር የነበረው ልዩነት ከሁለት ኪሎ አልበለጠም። እዚያው ላይ ተተወ። የጉበትን ስኳር ምርት ለመቀነስ ዛሬ በእጃችን ያለው ሜትፎርሚን ነው፤ እሱም በዋናነት የሚሠራው ጉበት ላይ ነው። ይህን ንግግር ሰምቶ መድኃኒቱን የሚቀይር ሰው እንዳይኖር አደራ፤ ሐኪማችሁን አነጋግሩ።

ሰው ላይስ? የሰው አንጎል ውስጥ ቱቦ ከትቶ ፔፕታይድ ማንጠብጠብ አይታሰብም። ተመራማሪዎች የሄዱበት የጓሮ በር አፍንጫ ነው። ኢንሱሊን በአፍንጫ ሲረጭ የተወሰነው ወደ አንጎል ይደርሳል። በ2015 ካናዳ፣ ቶሮንቶ ውስጥ ጤነኛ ወንዶች ላይ በተደረገ ሙከራ፣ በአፍንጫ የተሰጠው ኢንሱሊን የጉበትን ምርት ቀነሰው። ወዲያው ግን አይደለም፤ ሰዓታት ቆይቶ ነው። ተጠራጣሪ ነኝና አንድ ነገር ልጨምር። በአፍንጫ የሚገባው ኢንሱሊን ከፊሉ ወደ ደም ያመልጣል፤ ደም ውስጥ የገባ ኢንሱሊን ደግሞ ጉበትን በቀጥታ ያገኘዋል። ተመራማሪዎቹ ይህን ለማስተካከል ሌላኛውን ወገን በደም ሥር ትንሽ ኢንሱሊን ሰጥተውታል። ያ ማስተካከያ በቂ ነው ወይስ አይደለም የሚለው ላይ ነው አሁን ክርክሩ ያለው።